ከአዲስ አበባ ዳርቻ ወጥቶ ለሚያድር፦ የሶላርና የባትሪ አሠራር መመሪያ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በመናገሻ ሱባ ጫካ ዙሪያ ወይም የረር ተራራ ግርጌ ድንኳን ተክሎ ለሚያድር ሰው የፀሐይ ችግር የለበትም። ከተማው ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል፣ ቅዝቃዜውም ለፓነል ይስማማል። ማቀዝቀዣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጸጥ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ፓነሉ ስላነሰ ሳይሆን በቀጠነ ገመድ፣ በላላ ብሎን፣ ቅንብሩ በትክክል ባልተሞላ ኮንትሮለር (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ወይም ከመነሻው ባልተሠራ ሒሳብ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ፓነል ከመግዛታችሁ በፊት ከፓነሉ እስከ ማቀዝቀዣው ያለውን መንገድ አስተካክሉ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

የዕቃውን ዋት በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት፤ የሚመጣው በቀን የሚበላው ዋት-ሰዓት ነው። ለሁለት ሰው የተለመደው ይህን ይመስላል፦

- ባለ 12 ቮልት የ40 ሊትር የመኪና ማቀዝቀዣ፦ ሞተሩ ሲዞር 45 ዋት ገደማ ይወስዳል። በደጋው አየር ከቀኑ ሲሶውን ያህል ብቻ ስለሚዞር 45 በ8 ሰዓት፣ 360 ዋት-ሰዓት።
- ሁለት ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ መብራት፣ ለ5 ሰዓት፦ 50 ዋት-ሰዓት።
- ሁለት ስልክ ከባዶ እስኪሞላ፦ 50 ዋት-ሰዓት።
- ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ለመሙላት፦ 70 ዋት-ሰዓት።

ድምሩ 530 ነው። 100 አምፒር-ሰዓት ያለው ባለ 12.8 ቮልት ሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከዚህ 1,100 ያህሉን ያለ ጭንቀት መጠቀም ይቻላል። ይህ ማለት ፀሐይ ጨርሶ ባትወጣ እንኳ ሁለት ቀን ያቆያል። ተመሳሳይ ቁጥር የተጻፈበት የአሲድ ባትሪ ግን 1,200 ይዞ ግማሹን ብቻ ነው ያለ ጉዳት የሚሰጠው፣ ማለትም 600፤ የአንድ ቀን ነው። የመኪናው ማስነሻ ባትሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሳህኖቹ ቀጭን ናቸው፤ የተሠሩትም ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ለማዞር ነው። ደጋግሞ እስከ ታች ሲራገፍ በወራት ውስጥ ይሞታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጠዋት መኪናው አይነሳም።

ለፓነሉ፣ በጋ ላይ አዲስ አበባ ዙሪያ በቀን 5.5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት (የቀኑ ብርሃን ተደምሮ ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ከምትወጣበት ስንት ሰዓት ጋር እንደሚተካከል) ብላችሁ አስሉ። የ200 ዋት ፓነል፣ በ5.5 ሰዓት፣ በ0.7 ሲባዛ 770 ዋት-ሰዓት ይመጣል። 0.7 ያልነው በሙቀት፣ በአቧራ፣ በማዘንበል፣ በገመድና በኮንትሮለር የሚባክነውን ለመቀነስ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ 4 ሰዓት ያዙ፤ 560 ይሆናል፣ ልክ የሚበቃ። ከ200 ዋት በታች ያለ ፓነል ለማቀዝቀዣ አንመክርም፤ ለስልክና ለመብራት ብቻ ከሆነ ግን 60 ዋት ይበቃል።

ሙቀት የሚያመነጭ ዕቃ በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውኃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ አንድ ሊትር ከ15 ዲግሪ ተነስቶ እስኪፈላ 90 ዋት-ሰዓት፣ በኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 ቮልት በሚቀይረው ዕቃ) በኩል ሲሆን 110 ገደማ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ውኃ ማፍላት ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ከሚበላው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። ጀበናው ከሰል ላይ ወይም ቡታጋዝ ላይ ይጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣድማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም።

ሲገዙ

የፓነሉን ዋት በሜትር መፈተሽ ይቻላል። ሙሉ ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ታወርዳለች፤ ጥሩ ፓነል ከዚያ ከ20 እስከ 22 በመቶውን ይለውጣል። ስለዚህ እውነተኛ 200 ዋት ፓነል አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሻጩ «ባለ 200 ነው» ብሎ 0.6 ካሬ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ ፓነል ከዘረጋላችሁ፣ ቢበዛ 130 ዋት ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈውንም አንብቡ፦ በሥራ ላይ ያለው ቮልት ሲባዛ በሥራ ላይ ያለው አምፒር የተጻፈውን ዋት ካልሰጠ ወረቀቱ ራሱ ይዋሻል።

ለባትሪ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም አይረን ፎስፌት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይመዝናል። 6 ወይም 7 ኪሎ ከሆነ ውስጡ የተጻፈውን አይዝም።

ኮንትሮለሩ ኤምፒፒቲ የሚባለው፣ የፓነሉን ትርፍ ቮልት ወደ አምፒር የሚቀይረው ዓይነት ይሁን፣ 20 አምፒር። ርካሹ ፒደብልዩኤም የፓነሉን ቮልት ጎትቶ ባትሪው ደረጃ ላይ ያወርደዋል፤ ባለ 18 ወይም 19 ቮልት የ200 ዋት ፓነል በ13.2 ቮልት 10.5 አምፒር ሲሰጥ 139 ዋት ነው፣ ሌላው እዚያው ይቀራል። ለቤት ጣሪያ የሚሆን ትልቅ ፓነል ፖርቶ መጋላ ላይ ለምታስሩ ደግሞ ፒደብልዩኤም ፈጽሞ አይሆንም፤ ኪሳራው ከግማሽ ሊያልፍ ይችላል። ኤምፒፒቲውም የሚችለው የቮልት ጣሪያ አለው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ይጨምራል፤ በደጋ ማለዳ ከወረቀቱ ከ7 እስከ 8 በመቶ ሊያልፍ ስለሚችል 15 በመቶ መጠባበቂያ ተዉ።

ኢንቨርተር የግድ ካስፈለገ 300 ዋት፣ ንጹሕ ሞገድ ያለው ይብቃችሁ። ስልክ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ በቀጥታ ከ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ኢንቨርተር ሥራ ፈትቶ በርቶ ሲያድር እንኳ ባትሪ ይበላል። ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች ከፍታ ላይ ኢንቨርተሩ የተጻፈበትን ሙሉ ዋት እንደማይችል በመመሪያቸው ይገልጻሉ። ልብስ ስር ወይም ሻንጣ መሃል አትቅበሩት።

ገመድ፣ ካፖኮርዳና ፊውዝ

አብዛኛው ጥፋት ያለው እዚህ ስለሆነ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በ12 ቮልት ላይ ግማሽ ቮልት ትልቅ ነገር ነው። የማቀዝቀዣውን ገመድ እንውሰድ። ከባትሪው 4 ሜትር ርቆ በ1 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ቢገናኝ፣ ሄዶ መመለሻው 8 ሜትር ነው፤ 5 አምፒር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.4 እያለ ማቀዝቀዣው 11.7 ያያል። ሞተሩ ሊነሳ ሲል ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ይወርዳል፣ መከላከያው «ባትሪ አልቋል» ብሎ ይዘጋዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሞክራል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሰው ባትሪውን ይወቅሳል፤ ባትሪው ግን ደህና ነው። በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ያው ኪሳራ ከ0.2 ቮልት በታች ይወርዳል።

መጠኖቹ እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም የመዳብ ገመድ፤ «ባለ 4» ማለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፦

- ከፓነል እስከ ኮንትሮለር፦ እስከ 5 ሜትር ባለ 4፣ እስከ 10 ሜትር ባለ 6።
- ከኮንትሮለር እስከ ባትሪ፦ ባለ 6፣ ከ1 ሜትር ያልበለጠ፣ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ።
- ለማቀዝቀዣ፦ ባለ 4፣ ባለ 15 አምፒር ፊውዝ።
- ለ300 ዋት ኢንቨርተር፦ ባለ 10፣ ከ1.5 ሜትር ያልበለጠ፣ ባለ 40 አምፒር ፊውዝ።
- ለመብራትና ለዩኤስቢ፦ ባለ 1.5፣ ባለ 5 ወይም 7.5 አምፒር ፊውዝ።

ገመድ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መልሱለት።

ፊውዙ በፖዘቲቩ ገመድ ላይ፣ ከባትሪው ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይቀመጣል። ጥበቃው ለገመዱ ነው እንጂ ለዕቃው አይደለም፤ ዕቃው ጋ የተቀመጠ ፊውዝ በመሃል ገመዱ ተፈግፍጎ ቦዲ ቢነካ ምንም አያድንም። ለቤት 220 ቮልት የተሠራውን ማብሪያና ሰባሪ (ብሬከር) ለባትሪው መስመር አትጠቀሙ። የኤሲ (የቤቱ መስመር) ብልጭታ በሰከንድ 100 ጊዜ በዜሮ ስለሚያልፍ በራሱ ይጠፋል፤ የዲሲ (የባትሪው) ግን አይጠፋም፣ ውስጡን እያቀለጠ ይቀጥላል። ዲሲ የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

አሁን ካፖኮርዳው፣ ማለትም ገመዱ ጫፍ ላይ ተጨምቆ በብሎን የሚታሰረው ቀለበት። የገመዱን ልባስ ካፖኮርዳው ቱቦ በሚውጠው ልክ ብቻ ላጡ፤ መዳቡ ከቱቦው ጀርባ ተርፎ መታየት የለበትም። በፒንሳ ወይም በመዶሻ መጨፍለቅ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ኮረኮንች ላይ ግን ይለቃል። ባለ ስድስት ጎን መጭመቂያ ከሌላችሁ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ ላይ አስጨምቁ። ከዚያ ካፖኮርዳውን በፒንሳ ይዛችሁ ገመዱን በሙሉ ክንዳችሁ ጎትቱ፤ ከተንቀሳቀሰ ቆርጣችሁ እንደገና። በብየዳ ብቻ የተያያዘ ጫፍ ለቤት ይሆን ይሆናል፣ መኪና ውስጥ ግን ብየዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ በንዝረት ይሰበራል። በናስትሮ የተጠቀለለ ጥምዝ ሽቦ ደግሞ የእሳት መነሻ ነው።

ባትሪው ላይ ስታስሩ ካፖኮርዳው ቀጥታ ከባትሪው ተርሚናል ጋር ይግጠም። ሮንዴላው ከካፖኮርዳው በላይ፣ ከዚያ ስፕሪንግ ሮንዴላው፣ ከዚያ ብሎኑ። ብዙ ሰው ሮንዴላውን ከታች ያደርገዋል፤ ብረቱ በመዳቡና በተርሚናሉ መካከል ሲገባ ኤሌክትሪኩ በእሱ በኩል ለማለፍ ይገደዳል፣ ይግላል፣ የባትሪውን ፕላስቲክ ያቀልጣል።

አገጣጠሙ በቅደም ተከተል

1. ባትሪውን መኪናው ውስጥ በቺንጊያ እሰሩ፣ በሁለት አቅጣጫ። ውኃ የሚጨመርበት አሲድ ባትሪ ከሆነ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ሲሞላ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አይቀመጥ።
2. ፊውዞቹን በሙሉ አውጡ።
3. ኮንትሮለሩን ከባትሪው ጋር አገናኙ፣ መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ከዚያ የዚህን መስመር ፊውዝ ብቻ መልሱ። ኮንትሮለሩ ይበራል፣ 12 ቮልት መሆኑን ያውቃል።
4. የባትሪውን ዓይነት ኮንትሮለሩ ላይ ሙሉ። ለሊትየም አይረን ፎስፌት መሙያው ከ14.2 እስከ 14.4 ቮልት፣ ማቆያው (ፍሎት) 13.5፣ ማመጣጠኛ (ኢኳላይዝ) የሚባለው ጠፍቶ። ለኤጂኤም (ለታሸገው የአሲድ ባትሪ) ከ14.4 እስከ 14.6፣ ማቆያው ከ13.6 እስከ 13.8።
5. ፓነሉን በጨርቅ ሸፍናችሁ ፖላሪቲውን በቴስተር አረጋግጡና ሰኩ። ጨርቁን አንሱት።
6. በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን፣ መብራቱን፣ ኢንቨርተሩን፣ ከየፊውዛቸው ጋር።

ስትነቅሉ ተቃራኒው ነው፤ ፓነሉ ከባትሪው በፊት ይነቀላል። ባትሪው ቀድሞ ከተነቀለ የፓነሉ ሙሉ ቮልት ማረፊያ ያጣል፤ ብዙ ኮንትሮለር የሚቃጠለው በዚህ ነው። ፓነሉ ፀሐይ እያየ፣ አምፒር እየሰጠ እያለ ሶኬቱን አትንቀሉ፤ መጀመሪያ ሸፍኑት ወይም ገልብጡት።

ፓነሉን ወዴት እናዙር

ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ መመሪያዎች «ሁልጊዜ ወደ ደቡብ» ይላሉ። እኛ ጋ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 23 ገደማ፣ ቀትር ላይ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ያለውን ጊዜ፣ ክረምቱን ጨምሮ፣ ቀትር ላይ በስተሰሜን ነው የምታልፈው። ስለዚህ ሰኔ ላይ ፓነሉ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ ታኅሣሥ ላይ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያዘንብል። ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ ፓነል ከሆነ ጠፍጣፋ ብትተዉት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አታጡም፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ላይ አቧራና ውኃ ስለሚተኛ ትንሽ ዘንበል ይበል።

ተጣጣፊ ፓነል ካላችሁ በቀን ሦስት ጊዜ አዙሩት፦ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ምሥራቅ፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መሃል፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ምዕራብ። ክረምት ላይ ዋናው ጠዋት ነው። ዝናቡና ደመናው የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቁርስ ሳትበሉ ፓነሉን ዘርጉት፤ ላፕቶፕና ስልክም ጠዋት ይሞላ፣ ሌሊት አይደለም።

ጥላ ከምታስቡት በላይ ይጎዳል። ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ናቸው፤ ባለ 36 ሴል ፓነል አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ብቻ ነው የሚከፈለው። አንዲት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ሴል ላይ ጥላዋን ብታሳርፍ የፓነሉ ግማሽ ከሥራ ይወጣል። ጥዱ ስር መኪናውን አቁሙ፣ ፓነሉን ግን በ10 ሜትር ገመድ ሜዳው ላይ አውጡት። ጥላው ከሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ ገና ጠዋት ገምቱ።

ሜዳው የግጦሽ ቦታ መሆኑን አትርሱ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው አስፈቅዱ፣ ፓነሉንም ከከብት መንገድ አርቁ፤ ገመዱን በካስማ መሬት ላይ አጣብቁት። ላም የምትረግጠው ፓነል መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ የሚላቀቅ ገመድ ደግሞ እግሯን ይጠልፋል። በረዶ የሚጥል ደመና ከመጣ ተጣጣፊውን ሰብስቡ፤ ባለ መስታወቱ ይችላል።

በጋ ላይ የደረቁ መንገዶች አቧራ በአንድ ቀን ፓነሉን ያለብሰዋል። ጠዋት ሳይሞቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍሱ።

ብርድ

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ውርጭ ይወርዳል። ሊትየም አይረን ፎስፌት በዚያ ብርድ ኃይል መስጠት ይችላል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን መሞላት የለበትም፤ ሊትየሙ ብረት ሆኖ ሴሉ ውስጥ ይለጠፍና የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል። የባትሪው የውስጥ መከላከያ (ቢኤምኤስ) በብርድ መሙላትን የሚዘጋ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ባትሪው መኪና ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ቢያድር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ደረጃ አይወርድም።

ከመኪናው መሙላት

ሊትየምን በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር በገመድ አታገናኙ። የውስጥ ተቃውሞው ትንሽ ስለሆነ ዲናሞውን ያለ ዕረፍት ይጎትተዋል፤ በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ ዲናሞው ሊቃጠል ይችላል። በመካከል የዲሲ ለዲሲ ቻርጀር ይግባ። ባለ 30 አምፒሩ በአንድ ሰዓት 380 ዋት-ሰዓት ገደማ ይጨምራል፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ የሚደርስ ሰው የቀኑን አብዛኛ ፍጆታ መንገድ ላይ ያገኛል። ገመዱ ባለ 10፣ ፊውዝ በሁለቱም ጫፍ።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ኃይል የሚሰጥ ሶኬት እንዳለው እዩ። ካለው የቀኑ 530 ዋት-ሰዓት ከትልቁ ባትሪ አንድ በመቶ ገደማ ነውና ይህ ሁሉ ዕቃ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከሌለው ግን ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ አትንኳት፤ እሷ ከወረደች መኪናው አይከፈትም።

ሲያስቸግር

ፓነሉ 20 ቮልት ያሳያል፣ አምፒር ግን ዜሮ። መጀመሪያ ባትሪው ሞልቶ እንደሆነ እዩ፤ ያኔ ትክክል ነው። ካልሆነ ፊውዙን ፈትሹ።

ባትሪው ቶሎ «ሞላ» ይላል፣ ሌሊት ግን አይቆይም። ኮንትሮለሩ ጋ 14.4፣ ባትሪው ተርሚናል ላይ 13.8 ካነበባችሁ መካከል ያለው ገመድ ቀጭን ወይም ላላ ነው። ኮንትሮለሩ የራሱን ቮልት አይቶ ቀድሞ ይቀንሳል።

የሊትየም ባትሪ በድንገት ዜሮ ቮልት ያሳያል። አልሞተም፤ መከላከያው ዘግቶታል። ዕቃውን ሁሉ ነቅላችሁ በሊትየም ቻርጀር ቀስቅሱት። ስንት እንደቀረ በቮልት ለማወቅ አትሞክሩ፤ 70 በመቶ ላይ 13.2፣ 30 በመቶ ላይ 13.0 ስለሚያሳይ ልዩነቱ አይያዝም። ሻንት ያለው፣ የሚገባና የሚወጣውን አምፒር የሚቆጥር መለኪያ ግጠሙ። ለአሲድ ባትሪ ግን ቮልት ይበቃል፦ ከዕረፍት በኋላ 12.7 ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፤ ከዚያ በታች አቁሙ።

ኮረኮንች ከነዳችሁ በኋላ፣ ገና ሳትበሉ፣ ሁሉንም ተርሚናል በጣት ነካኩ። የሚንቀሳቀስ ካለ አጥብቁ። ማቀዝቀዣው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ደግሞ ሶኬቶቹን ዳብሱ፤ የሚግለው የሲጋራ ማቀጣጠያው ሶኬት ከሆነ ቆርጣችሁ በብሎን በሚታሰር ማገናኛ ተኩት።

ቤት ስትገቡ ሊትየሙን ከ50 እስከ 60 በመቶ አድርጋችሁ ገመዶቹን በሙሉ ነቅላችሁ ደረቅ ቦታ አኑሩት። የአሲድ ባትሪ ግን ሙሉ ሆኖ ይቀመጥና በየወሩ ይሞላ።